ከመቅረት መዘግየት ይሻላል፤ ኦንላይን ጌም ካልሆነ

ብቻችሁን የምትጫወቱት ጌም አስር ዓመት ቢዘገይ ዘገየ ነው የሚባለው። ሌላ ጣጣ የለውም። በወጣ ቀን ከፍታችሁ ትጫወቱታላችሁ። ግራፊክሱ ትንሽ አርጅቶ ይሆናል፤ ታሪኩ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ይባል የለ?

ሺህ ሰው በአንድ ዓለም ውስጥ አብሮ የሚጫወተው ጌም፣ ኤምኤምኦ የሚሉት ዓይነት፣ ላይ ግን ይሄ አባባል አይሰራም። ካርታውን፣ ሰይፉን፣ ፈረሱን ስቱዲዮው ይሠራል። ገበያ ላይ ብረት የሚሸጥላችሁ፣ ድልድይ ሥር አድፍጦ የሚዘርፋችሁ፣ ማታ ማታ በማይክ እየሳቀ አብሯችሁ የሚያመሸው ግን ሌላ ተጫዋች ነው። ተጫዋች ደግሞ መጋዘን ውስጥ አይቀመጥም። ያገባል፣ ይወልዳል፣ ሥራ ይቀይራል፣ ወይ ሌላ ጌም ያገኛል።

ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ የሚሠሩ ኤምኤምኦዎችን ከ2012 ጀምሮ እከታተላለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ወደ እኛ ልቀይራቸው ብል እኔም እናንተም ግራ እንጋባለን።) ስለነዚህ ጌሞች ሰው ሲያወራ ክርክሩ ብዙ ጊዜ "ሌቦች ናቸው፣ አይደሉም" ላይ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። እኔን የሚገርመኝ ቀኑ ነው። ያ መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው የመውጫ ቀን ከየት መጣ? ሲያልፍስ ምን ይዞ ይሄዳል?

ካሜሎት አንቼይንድን ልውሰድ። በ2013 ጸደይ ላይ ማርክ ጃኮብስ የሚመራው ሲቲ ስቴት ኢንተርቴይንመንት የሚባል ስቱዲዮ ኪክስታርተር በሚባለው የመዋጮ መሰብሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። የጠየቀው 2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ሰው አዋጣና ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። ስቱዲዮው ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ ነበር፤ ሀበሻ በብዛት ከሚኖርበት አካባቢ፣ ከእኔም ሰፈር ብዙም ሳይርቅ። የተባለው ነገር ልብ የሚያሞቅ ነበር። ሦስት መንግሥታት ይኖራሉ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይዋጋል። ግንቡን የሚገነባው ተጫዋች ነው፣ የሚያፈርሰውም ተጫዋች። የመውጫ ጊዜ፦ ዲሴምበር 2015።

ዲሴምበር 2015 መጣና ሄደ። የመጀመሪያው ቤታ (ሰው ገብቶ የሚፈትነው ያላለቀ ጌም) የተከፈተው በጁላይ 2018 መጨረሻ ላይ ነው። በ2020 መጀመሪያ ደግሞ ስቱዲዮው በዚያው ኢንጂን (ጌሙ በሚቆምበት መሠረታዊ ሶፍትዌር) ሌላ ጌም ጎን ለጎን እየሠራ መሆኑን አስታወቀ። አዋጪዎቹ እንዴት እንደተናደዱ ልነግራችሁ አያስፈልግም። 2024 ሲያልቅም ካሜሎት አንቼይንድ ገና አልወጣም ነበር።

እዚህ ጋ ቆሞ መሳደብ ቀላል ነው። ግን ጃኮብስ ዝም ብሎ ቀን የጠራ ሰው አይደለም። በ2001 ዳርክ ኤጅ ኦፍ ካሜሎትን ካወጣው ከሚቲክ ኢንተርቴይንመንት መሥራቾች አንዱ ነው። ያንን ጌም 25 ሰው ገደማ፣ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ፣ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሠርቶ ጨርሶታል። ከ2013ቱ ዕቅድ ጋር አስተያዩት። ገንዘቡ ተቀራራቢ ነው። ጊዜው እንዲያውም በአዲሱ ይሰፋል። ስለዚህ ያ ቀን የውሸት ቀን አልነበረም። ሰውየው አንድ ጊዜ ያደረገውን ነው ድጋሚ አደርገዋለሁ ያለው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ሚቲኮች በ2001 ከባዶ አልተነሱም። ከዚያ በፊት ለዓመታት ትንንሽ ኦንላይን ጌሞች ሲሠሩ ስለቆዩ ተጫዋችን ከሰርቨር የሚያገናኘው ኮድ እጃቸው ላይ ነበር። ሥዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን ኢንጂን ደግሞ ከሌላ ድርጅት በፈቃድ ወሰዱ። ያ አንድ ዓመት ተኩል፣ ከባዱ ነገር ካለቀ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ተኩል ነው። በ2013 ግን ያን ሁሉ ሕዝብ አንድ ሜዳ ላይ እንዲሸከም ተብሎ ኢንጂኑ ራሱ ከዜሮ ተጀመረ።

ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ አለ። የዚያው የ2001 ጌም ፕሮዲውሰር የነበረው ማት ፊሮር በ2007 ዜኒማክስ ኦንላይንን አቋቋመ። የሠሩት ኤምኤምኦ፣ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን፣ የወጣው በኤፕሪል 2014 ነው። ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። ያውም በመቶዎች በሚቆጠር ሠራተኛና ከጀርባ በቆመ ትልቅ ኩባንያ። ከሕዝብ የተዋጣ አንድ ብር የለበትም። እንግዲህ ረጅም ጊዜ መፍጀቱን መዋጮው ላይ ብቻ ማላከክ አይቻልም። ኤምኤምኦ ሲፈጥረው ረጅም ነው። ትልልቆቹ ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በር ዘግተው ነው የሚያሳልፉት። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሴፕቴምበር 2001 ሲታወጅ ሥራው ተጀምሮ ነበር፤ የወጣው በኖቬምበር 2004 ነው። እኛ ያየነው የጥበቃውን ጭራ ብቻ ነው። ሕዝብ ባዋጣበት ጌም ላይ ሰዓቱ የሚቆጥረው ከመጀመሪያዋ የኮድ መስመር፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት ጀምሮ ነው።

ከባዱ ነገር የምለው ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል፤ ሶፍትዌር እንጀራዬ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሡኝ። አንድ ሜዳ ላይ 100 ሰው አለ እንበል። አንዱ ሲራመድ ለሌሎቹ 99 መነገር አለበት። የሁሉም ሲደመር ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ መልእክት ነው፤ ያውም በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም። አሁን ሰዉን 1000 አድርጉት። ሰዉ በአስር እጥፍ አደገ። መልእክቱ ግን በመቶ እጥፍ አድጎ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። "ሁለት መቶ ሰው ይዋጋል" እና "ሁለት ሺህ ሰው ይዋጋል" በማስታወቂያ ቪዲዮ ላይ የአንድ ቃል ልዩነት ናቸው። ኮዱ ላይ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ይህ ሁሉ ሥራ ደግሞ ለዓይን አይታይም። ዘንዶ የሳለ ሰዓሊ በየሳምንቱ የሚያሳየው አለው። ሰርቨሩ ላይ የሚሠራው ሰው ለስምንት ወር ለፍቶ የሚያሳያችሁ ነገር፣ ያው ዘንዶ ሳይንቀጠቀጥ ሲበር ነው።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። 2.2 ሚሊዮን ዶላር በእጃችሁ ነው። ኪክስታርተር 5 በመቶ ይወስዳል፣ የካርድ ክፍያው ሌላ ጥቂት በመቶ ይነክሳል። 2 ሚሊዮን ቀረ እንበል። ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ፕሮግራመር ከነኢንሹራንሱ፣ ከነግብሩ፣ ከነቢሮ ኪራዩ በዓመት 100 ሺህ ዶላር ብቻ ይፈጃል እንበል። (በዚህ ዋጋ የሚገኝ ጥሩ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ለአለቃዬ ስልኩን ስጡልኝ።) አስር ሰው ለሁለት ዓመት ሆነ። አለቀ። ሰዓሊውን፣ ድምፁን፣ የሰርቨር ኪራዩን ገና አልነካሁም።

ጠያቂዎቹ ይህን ሒሳብ ያውቁታል። ጃኮብስም ከሕዝቡ መዋጮ ላይ ከራሱ ኪስ እንደሚጨምር መጀመሪያውኑ ተናግሯል። ብዙዎቹ ስቱዲዮዎች ሕዝቡ ጋ የሚመጡት ጌሙን በዚያ ገንዘብ ለመጨረስ አይደለም። ባለሀብት ፊት ቀርበው "ይኸው፣ ፈላጊ አለን" ለማለት ነው። ግን ኪክስታርተር ላይ ለእያንዳንዱ ስጦታ የሚደርስበት ግምታዊ ወር ይጻፋል። "ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ባለሀብት ከተገኘ" ብሎ የሚጽፍ ሰው ማን ያዋጣለታል? ስለዚህ የተጠየቀው ገንዘብ ለስንት ጊዜ ደመወዝ ይበቃል ተብሎ ይታሰብና ቀኑ በዚያ ልክ ይቆረጣል። ገጹ ላይ የምናነበው ወር ብዙ ጊዜ ሥራው የሚያልቅበት ሳይሆን ገንዘቡ የሚያልቅበት ነው።

እቁብ ገብቶ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ አንድ ነገር ይጎድለዋል። እቁብ ላይ ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ። እዚህ ቀድሞ የሚወስደው ያለ ዋስ ነው የሚወስደው። ኪክስታርተርም "እኔ ሱቅ አይደለሁም" ካለ ቆይቷል። የድርጅቱ ደንብ ገንዘብ የወሰደው ሰው ቃሉን እንዲፈጽም፣ ካልቻለ ደግሞ ገንዘቡ የት እንደገባ እንዲያስረዳ ያዛል። ቤቱ ሄዶ የሚያንኳኳ ዳኛ ግን የለም።

ከነዚህ ጌሞች በአንዱ ላይ እኔም አዋጥቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ለምለው ነገርም አያስፈልግም። ያን ጊዜ አምስት ስድስት ሀበሾች ሆነን ጊልድ የሚሉትን የተጫዋቾች ቡድን መሠረትን። አንዱ ቶሮንቶ፣ አንዱ ስቶክሆልም፣ ሁለቱ ጅዳ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ጌሙ ገና የለም። እኛ ግን ዲስኮርድ ከመምጣቱ በፊት በስካይፕ እየተሰበሰብን ማዕረግ እንከፋፈላለን። ስለ ጊልዱ ስም ክርክሩ ሳምንታት ወሰደ። የዓድዋን ስም ጌም ላይ መስጠት ነውር ነው የሚል ወገን ነበር፤ እኔ እዚያ ወገን ነበርኩ። በዕድሜ ትንሽ የሚበልጠንን የቶሮንቶውን ልጅ "ጋሼ" እያልን አለቃ አደረግነው። ግንባችን የት እንደሚሆን፣ ማን አንጥረኛ ማን ቀስተኛ እንደሚሆን፣ የጅዳዎቹ ከሥራ የሚወጡበት ሰዓትና የእኔ ምሳ ሰዓት እንዴት እንደሚገጣጠም፣ ሁሉም በኤክሴል ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር ያ ጊዜ ደስ ይል ነበር። ጌም ሳይኖር የተጫወትነው ምርጥ ጌም ነው።

ከዓመታት በኋላ የመፈተሻው ሰርቨር ሲከፈት ጊልዱ ውስጥ ጻፍኩ።

"ጋሼ፣ ተከፍቷል። ና።"

"ልጆቹን ላስተኛና" አለ። ልጆቹ መንታ ናቸው። አልመጣም። ከጅዳዎቹ አንዱ አገር ቤት ገብቶ ሱቅ ከፍቷል። የስቶክሆልሟ ልጅ ነርስ ሆና የሌሊት ፈረቃ ላይ ናት። ጊልዱ አልፈረሰም እኮ። የልደት፣ የሠርግና የእንኳን አደረሳችሁ ግሩፕ ሆኗል። ፎቶ እንለዋወጥበታለን። ማንም ግን ግንብ የሚጠብቅበት ሰዓት የለውም።

ስቱዲዮው ያን ቀን የከፈተው ሰርቨር ጥሩም ይሁን መጥፎ ለውጥ አልነበረውም። የተሸጠልን አብሮ መጫወት ነበር፤ አብረን የምንጫወተው ሰዎች ደግሞ በመካከል ሌላ ሰው ሆንን። ይህን ማንም ሊመልስ አይችልም። ገንዘቡን እንኳ ቢመልሱ።

የእኛ ነገር ትንሽ ነው። በትልቁ የታየው ክሮውፎል በሚባለው ጌም ላይ ነው። ኦስቲን፣ ቴክሳስ የነበረው አርትክራፍት የሚባል ስቱዲዮ በ2015 መጀመሪያ ላይ 800 ሺህ ዶላር ጠይቆ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ አገኘ። ሰዎቹ የተፈተኑ ናቸው፤ ጎርደን ዋልተንና ቶድ ኮልማን በኦንላይን ጌም ሥራ ውስጥ ረጅም ዘመን የቆዩ ናቸው። ጌሙ እንደ ብዙዎቹ ተንጠልጥሎ አልቀረም። ዘገየ፣ ግን ወጣ፤ በጁላይ 2021። "ከመቅረት መዘግየት" የሚለው አባባል ፈተናውን ያገኘው እዚህ ነው።

ወደቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ጌሙ ሞኑመንታል ለሚባል ሌላ ኩባንያ ተሸጠ። በኖቬምበር 2022 ሰርቨሩ ተዘጋ። ከወጣ ዓመት ከጥቂት ወር ሆኖታል። ጉድለቱ ብዙ ነበር፤ ውጊያው ይንቀራፈፋል፣ ጀማሪን ያሰለቻል ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን የማየው አሠራሩን ነው። ክሮውፎል ውስጥ ጥሩ መሣሪያ የሚሠራው ተጫዋች ነው። ማዕድን የሚቆፍር፣ ቆዳ የሚገፍ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ያስፈልጋል። ጦርነቱም ለብዙ ሰው የተሠራ ነው። ሰው ሲያንስ ገበያው ይደርቃል፤ ገበያው ሲደርቅ የቀረውም ይሄዳል። ጌሙን በጣም የሚወዱት ሰዎች ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ለዓመታት ሲፈትኑት የከረሙት ናቸው። በሩ ሲከፈት እነሱ ድግሱን በልተው ጨርሰዋል።

"ታዲያ ስታር ሲቲዝንስ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ሁሌም የሚነሳው እሱ ነው።

ክሪስ ሮበርትስ ስታር ሲቲዝን የሚባለውን የጠፈር ጌም ያወጀው በኦክቶበር 2012 ነው። ኪክስታርተርንና የራሱን ድረ ገጽ ጨምሮ በአንድ ወር ከጥቂት ቀን ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። መውጫው ኖቬምበር 2014 ተባለ። ገንዘቡ 6 ሚሊዮን ሲደርስ ጌሙ በ100 የኮከብ ሥርዓቶች እንደሚጀምር ቃል ተገባ። ከሁሉ ቀድሞ፣ በኦገስት 2013፣ የተሰጠው ነገር ጋራዥ ነበር፤ የገዛችሁትን መርከብ ዙሪያውን እየዞራችሁ የምታዩበት። አይበርም። በጁን 2014 መተኮስ ተቻለ። በዲሴምበር 2017 ጨረቃ ላይ ማረፍ መጣ። ሁለተኛው የኮከብ ሥርዓት የመጣው በዲሴምበር 2024 ነው። ከመቶው ሁለተኛው ማለቴ ነው። አስራ ሁለት ዓመት አልፎታል። መዋጮው በ2022 500 ሚሊዮን፣ በ2024 ደግሞ 700 ሚሊዮን ዶላርን አለፈ።

ይሄ ታዲያ የእኔን አባባል አያፈርስም? ዘገየ፤ ሰዉ ግን አልሄደም። እንዲያውም ጨመረ።

እንደማስበው ክላውድ ኢምፔሪየም፣ የሮበርትስ ኩባንያ፣ ሌሎቹ ያልገባቸውን ነገር ቶሎ ተረዳ። ሰውን ውጭ አቁሞ ከማስጠበቅ ይልቅ ያላለቀው ቤት ውስጥ አስገባው። ሰው ዛሬ ማታ ገብቶ ይበራል፣ ይጭናል፣ ይሸጣል፣ ይዋጋል። ጌሙ ይዘጋበታል፣ መርከቡ መሬት ውስጥ ይሰምጣል፣ ይሳቅበታል። ከጓደኞቹ ጋር ግን ነው። በየጊዜው አዲስ መርከብ ይሸጣል፤ አንዳንዱ በብዙ መቶ ዶላር፣ ገና በሥዕል ያለውም ሳይቀር። ለሚገዛው ሰው አልፋው፣ ያ ያላለቀው ነገር፣ ራሱ ጌሙ ነው።

ዋጋው ያለው እዚያ ጋ ነው። ገንዘቡ በየዓመቱ ከገባ፣ "ጨርሱ" የሚል ማን አለ? ተራ ስቱዲዮ የሚጨርሰው ገንዘቡ ስለሚያልቅበት ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው አሳታሚ ደውሎ "በሚቀጥለው ገና ካላወጣችሁ ቧንቧውን እዘጋለሁ" ይለዋል፤ ግማሹ ሐሳብ ይቆረጣል፣ የቀረው ይወጣል። ሮበርትስ የሸሸው ይህን የአሳታሚ ትእዛዝ ነው፤ ሕዝቡ ጋ የመጣበት ምክንያትም ብሎ የሚናገረው እሱኑ ነው። እኔ አሳታሚ ወዳጅ አይደለሁም። ግን የዚያ ክፉ ስልክ ጥቅሙ ሲጠፋ ነው የታየው። ብዙ ገንዘብ ሲመጣ ሥራው ይፈጥናል ብለን ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በ6 ሚሊዮኑ ታስቦ የነበረው ጌም በ60 ሚሊዮኑ ትንሽ መሰለ። ተስፋው ሲያድግ በትንሹ ተስፋ የተሠራው ኮድ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ሌላ ገንዘብ ደግሞ መጣ።

በዚያው ሰሞን፣ በኖቬምበር 2012፣ ኬምብሪጅ ውስጥ ዴቪድ ብራበንም ለኤሊት ዴንጀረስ መዋጮ ጀመረ። እሱም የጠፈር ጌም ነው። ያገኘው ከ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ለማርች 2014 ቃል ገብቶ በዲሴምበር 2014 አወጣው። ዘጠኝ ወር ነው የዘገየው። በዚህ ሠፈር ዘጠኝ ወር ማለት ቀድሞ መድረስ ነው።

እንዴት? ፍሮንቲየር የሚባለው የብራበን ኩባንያ ለሌሎች ጌሞች ለዓመታት ሲጠቀምበት የኖረ የራሱ ኢንጂን ነበረው። ወደ 400 ቢሊዮን የሚጠጉት ኮከቦች በአብዛኛው በቀመር የሚወለዱ እንጂ በእጅ የሚሳሉ አይደሉም። ዋናው ግን ቆራጭ መሆኑ ነው። በወጣበት ቀን ፕላኔት ላይ ማረፍ አይቻልም ነበር፤ ያ የመጣው በዲሴምበር 2015 በተጨማሪ ክፍያ ነው። ከመርከብ ወርዶ በእግር መሄድ እስከ ሜይ 2021 ቆየ። ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይቻላል ተብሎ የተገባውን ቃል ደግሞ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው ሰረዙት። ለዚያ ቃል ብሎ የከፈለ ሰው ነበር፤ መናደዱም ትክክል ነው። እኔም ብሆን እናደድ ነበር። ግን ጌሙ "ስፋቱ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ስንዝር ነው" እየተባለ እየተሰደበ ሰው ገባበት። ሰው ስላለ ታሪክ ተፈጠረበት። ያገር ርቀት ተጉዘው ነዳጅ ላለቀባቸው ተጫዋቾች ነዳጅ የሚያደርሱ በጎ ፈቃደኞች ተደራጁ፤ ፊውል ራትስ ይባላሉ። ይህን ማንም ስቱዲዮ በዕቅድ አይሠራውም። ሰዎች ቶሎ ሲገናኙ ብቻ የሚመጣ ነገር ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ክሮኒክልስ ኦፍ ኤሊሪያ በ2016 ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ በኋላም ገና በሌለ ዓለም ላይ ንጉሥነትና መስፍንነት እየሸጠ ቀጠለ፤ በማርች 2020 ገንዘብ አለቀ ብሎ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። (ራስነትና ደጃዝማችነት በክሬዲት ካርድ! አያቶቻችን ቢሰሙ።) በሌላው ጫፍ ፕሮጀክት ጎርጎን አለ። ባልና ሚስት የጀመሩት፣ ለዓይን የማይስብ፣ በ2015 ወደ 75 ሺህ ዶላር ብቻ ያገኘ። መልኩን አይቶ የሚስቅ ብዙ ነው፤ ግን ያን ጊዜም ቢሆን ሰው ገብቶ የሚጫወተው ነገር ነበረው፤ በማርች 2018 ገና ሥራው ሳያልቅ ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ ወጣ። የገንዘቡን መጠን ያየ ሰው ውጤቱን ገልብጦ ነበር የሚገምተው።

እኛ አሁን የምንጫወተው አልቢዮን ኦንላይን ነው። በርሊን ያለ ስቱዲዮ የሠራው ነው። እሱም ከመውጣቱ በፊት ለተጫዋች ቀድሞ ይሸጥ ነበር፤ የወጣው በጁላይ 2017 ነው። ግራፊክሱ ተራ ነው። ግን ስልክ ላይ ይሠራል። በኤፕሪል 2024 ደግሞ የአውሮፓ ሰርቨር ከፈቱ። ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነበር። ያኔ ድረስ አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ከእኛ ጋር ሲዋጋ መልእክቱ አትላንቲክን ተሻግሮ እስኪመለስ እሱ ሞቷል። አሁን ለስቶክሆልሟም ለእሱም ይቀርባል፤ እኔ ትንሽ እጎተታለሁ፣ ግን ተራዬ ነው። ጋሼም አንዳንድ ቀን ብቅ ይላል፤ መንታዎቹ አድገው ማታ በጊዜ መተኛት ጀምረዋል። ግንብ የለንም። ዓሣ ነው የምናጠምደው።

ባለፈው ሰሞን የአጎቴ ልጅ የአንድ አዲስ ጌም ቪዲዮ ላከልኝ። በጣም ያምራል። በረዶ የለበሱ ተራሮች፣ ሺህ ፈረሰኛ፣ የሚነድ ከተማ።

"ሁለት ዓመት ውስጥ ይወጣል ይላሉ። ካርድ ስለሌለኝ አንተ ክፈልልኝ፣ እሰጥሃለሁ" አለኝ።

"ዛሬ ማታ ገብቶ መጫወት ይቻላል?" አልኩት።

"አይ፣ ቪዲዮ ብቻ ነው።"

"አስር ሰው እንኳ ገብቶ የሚፈትነው ነገር?"

"የለም አልኩህ እኮ። ግን ሁለት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ይዋጋል ይላሉ።"

ያችን የመልእክት ሒሳብ ጽፌ ላኩለት። ለረጅም ሰዓት አልመለሰልኝም። ከዚያ "እሺ፣ ገንዘቡን ግን የአልቢዮን ፕሪሚየም ግዛልኝ" አለ። ገዛሁለት።